ያገለገለ የዶሮ ቤት እድሳት፦ የሥራ ማስታወሻ

ሚያዝያ 2017፣ ከፋሲካ በኋላ። ግዢ

የብረት የዶሮ ቤት ነው። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ60። አጥንቱ ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት)፣ ጎኑ፣ ጀርባውና ጣሪያው ላሜራ፣ ፊቱ የዶሮ ሽቦ፣ ውስጡ ባለ ሦስት ደርብ። ዋጋው 6,500 ብር። ብየዳ ቤት ገብቼ በዚሁ ልክ አዲስ ለማሠራት ስጠይቅ 28,000 ተብያለሁ። የሌማት ትሩፋት በ2015 ከተጀመረ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ በየብየዳ ቤቱ ደጃፍ ይህን መሳይ ቤት ተደርድሮ ይታያል፤ ያገለገለውም በየሰፈሩ ለሽያጭ ይወጣል። ስምንት ዶሮ ለቤት ፍጆታ ለሚፈልግ ሰው ያገለገለው ይበቃል።

የሸጡልኝ እናት ሃያ አራት ዶሮ ያረቡበት ነበር። "ለምን አቆሙት እማማ?" አልኳቸው።

"ክረምት ላይ አለቁብኝ ልጄ። ፈንግል ነው አሉኝ። እንዳይበርዳቸው ብዬ ዙሪያውን በላስቲክ ጠቅልዬላቸው ነበር እኮ።"

ላስቲኩ አሁንም ፊቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ፈንግልን ላስቲክ አያመጣውም፤ ቫይረስ ነው። ግን ሃያ አራት ዶሮ በታሸገ ሳጥን ውስጥ ሲያድር ትንፋሹና ኩሱ የሚያወጣው እርጥበትና አሞኒያ መውጫ ያጣል። ዓይንና ጉሮሮው በአሞኒያ የተቃጠለ ዶሮ የመጣውን በሽታ መቋቋም ያቅተዋል። ስለዚህ የዚህ እድሳት ዋና ጉዳይ ቤቱ እንዲደርቅና አየሩ እንዲንቀሳቀስ ማድረግ ነው። መልኩ ኋላ ይደርሳል።

ከመክፈሌ በፊት እግሮቹን በመዶሻ መታ መታ አድርጌ አዳመጥኩ። ደህናው ብረት ይጮኻል፤ ውስጥ ውስጡን የበላው ድምፁ ይታፈናል። ከአራቱ እግሮች ሁለቱ ከመሬት እስከ አንድ ስንዝር በዝገት አልቀዋል። የታችኛው ወለል ላሜራ በጣት ሲጫኑት ይሰበራል። አጥንቱ ከዚያ በላይ ጤነኛ ነው፣ የበሩ ማዕዘንም አልተጣመመም። የሚገዛው አጥንቱ ስለሆነ ተስማማን። ለመኪናና ለጫኝ አውራጅ 1,400 ብር ሄደ።

ግንቦት መጀመሪያ። ማራገፍና ማጠብ

ቤቱን ግቢው ጥግ፣ ከጓሮ አትክልቱ ራቅ አድርገን አወረድነው። የቀድሞ ዶሮዎቹ በበሽታ ስላለቁ፣ ታጥቦ ፀሐይ ሳይመታው ወደ ቋሚ ቦታው አይገባም።

የተጋገረው ኩስ በደረቁ ሲፋቅ አቧራው ሳንባ ውስጥ ይገባል። በመርጫ ውሃ አርሼ፣ ማስክ አድርጌ፣ በተሰበረ የላሜራ ቁራጭ ፋቅሁት። ሁለት ማዳበሪያ ሞላ። ከጎመኑ ሥር ቶሎ እንዳይደፋ ለብቻው ጉድጓድ ውስጥ ከቅጠልና ከጭድ ጋር ተቀበረ።

ቅደም ተከተሉ እዚህ ላይ ዋጋ አለው። በረኪና ቆሻሻ ላይ ቢደፋ ኃይሉን እዚያው ቆሻሻው ላይ ይጨርሳል፤ ከኩስ አሞኒያ ጋር ሲገናኝም መርዛም ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ በኦሞና በብሩሽ፣ ቀጥሎ በንጹህ ውሃ ማለቅለቅ፣ ሲደርቅ ደግሞ አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ። ፈንግል በዚህ ይሞታል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ኮክሲዲያ ግን በረኪና አይበግረውም፤ እንቁላሉ ቆዳው ጠንካራ ነው። እሱን የሚያሸንፈው ሙቀትና ድርቀት በመሆኑ በየመጋጠሚያው የፈላ ውሃ አፈሰስኩ፤ ከዚያ ለፀሐይ ተተወ።

የመካከለኛው ደርብ ላይ የነበረውን የእንጨት ቆጥ ስነቅል፣ ብረቱን የነካበት ቦታ ላይ አመድ የሚመስል ግራጫ ዱቄት አገኘሁ። ነጭ ወረቀት ላይ አራግፌ በአውራ ጣቴ ስጨፈልቀው ቀይ መስመር ተሰመረ። በሌሊት ወጥታ የዶሮ ደም የምትመጥ ደቃቅ ቀይ ተባይ ናት፤ ቀን ስንጥቅ ውስጥ ትደበቃለች። ቤቱ ባዶ ከሆነ ወራት አልፎታል፣ እሷ ግን አለች። ያለ ምግብ ብዙ ወር ትቆያለች። ያገለገለ ቤት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት የቆጡን ጫፍ ነው።

እንጨቱ በሙሉ ተቃጠለ። ብረቱን ስንጥቅ በስንጥቅ በቡታጋዝ ነበልባል አስመታሁት። የቱቦላሬዎቹ ክፍት አፎች ውስጥም ተባይ ነበረ፤ እነሱ በብየዳ ይደፈናሉ። ሱቅ ውስጥ ዲያዚኖን ውሰድ ተብዬ ነበር። እንቁላል የሚበላበት ቤት ላይ እሳትና የፈላ ውሃ እየሠሩ እያለ መርዝ የምጨምርበት ምክንያት አልታየኝም።

ግንቦት አጋማሽ። ደርቡና ጣሪያው

የሰፈራችን በያጅ አንድ ቀን ሙሉ መጣ። ከኤሌክትሮዱ ጋር 2,800 ብር። የሥራውን አብዛኛውን ለውጥ ያመጣው ይህ ቀን ነው፣ ስለዚህ በዝርዝር ልጻፈው።

በመጀመሪያ ደርቦቹ ወጡ። ባለ ሦስት ደርብ ቤት ብዙ ዶሮ ያስገባል፣ ግን የላይኛው ኩስ በታችኛው ላይ ይወርዳል፣ አየሩም በየደርቡ ይቆረጣል። ወለል ላይ በጉዝጓዝ ለሚኖር እንቁላል ጣይ በካሬ ሜትር ከአራት እስከ አምስት ዶሮ ነው ልኩ። የእኔ 2 ካሬ ሜትር ነው፣ ስለዚህ ስምንት። ቀን ቀን የሚወጡበት 3 ሜትር በ2 ሜትር የታጠረ ቦታም ይኖራቸዋል። ከደርቦቹ የወጣውን ቱቦላሬ በግራይንደር ቆርጠን ለቀሪው ሥራ አስቀመጥነው። ለአዲስ ብረት አንድም ብር አልወጣም።

ጣሪያው ጠፍጣፋ ነበር። ከውስጥ ቀና ብዬ ሳየው ላሜራው ላይ ዝገቱ መስመር መስመር ሠርቷል፤ ሁሉም መስመር ወደ መሃል ይሄዳል። ዝናብ ያስገባ መስሎኝ ከላይ ውሃ አፈሰስኩበት። አንድም ቦታ አላፈሰሰም። ዝገቱ ከውስጥ የመጣ ነው፦ አዲስ አበባ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ የዶሮዎቹ ትንፋሽ እዚያ ደርሶ ውሃ ይሆናል፣ ውሃው መሃል ላይ ተጠራቅሞ ጀርባቸው ላይ ይንጠባጠባል። ከላይ ላስቲክ ሲጨመርበት ደግሞ የባሰ።

በያጁ "ጣሪያውን በደንብ ልድፈንልህ፣ ብርድ እንዳይገባ" አለኝ። እኔ የፈለግኩት የፊቱን ጎን ከፍ ማድረግ ነበር። ከደርቡ የወጣውን ቱቦላሬ እየቆረጠ የፊቶቹን ምሰሶዎች በ25 ሳንቲሜትር አስረዘማቸው። አሁን ጣሪያው ከፊት ወደ ኋላ ይዘቀዝቃል፣ ዝናቡ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከፊት በኩል ደግሞ በቤቱ ርዝመት ሙሉ 25 ሳንቲሜትር ቁመት ያለው ክፍት ቦታ ተገኘ። በሽቦ ተሸፍኖ የአየር መውጫ ይሆናል። ከጀርባ ከጣሪያው ሥር አራት ጣት የምታህል ክፍተት ተውን፤ በእሷ ይገባል፣ በፊት በኩል ይወጣል። ሁለቱም ክፍተቶች ቆጥ ላይ ከተቀመጠ ዶሮ ራስ በላይ ናቸው፣ ስለዚህ በእነሱ የሚያልፈው ነፋስ ገላቸውን አይመታም።

ጋልቫናይዝድ ላሜራው ላይ ሲበየድ ነጭ ጭስ ይወጣል። የዚንክ ጭስ ነው፣ ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያሰኛል። ዚንኩን ቀድመን በግራይንደር ፍቀን፣ ውጪ ሜዳ ላይ፣ ነፋሱን ወደ ጀርባችን አድርገን ሠራን።

የጣሪያው ልባስ ሦስት ቅጠል ቆርቆሮ ነው፣ 3,150 ብር። እያንዳንዱ በ1 ሜትር ከ40 ተቆረጠ፤ የተረፈው 60 ሳንቲሜትር ለእንቁላል መጣያው መከለያ ሆነ። ከቆርቆሮው ሥር፣ አራት ጣት ዝቅ ብሎ፣ ያገለገለ ስስ ኮምፔንሳቶ በብሎን ታሰረ፤ 600 ብር። መሃሉ ላይ ያለው አየር ቅዝቃዜውን ይቆርጠዋል። በሚስማር ያልተመታው በየጊዜው ወርዶ እንዲታይ ነው፤ ተባይዋ ምቹ ስንጥቅ ካገኘች ትመለሳለች። ሰሌን ወይም ጭድ ለዚህ ቦታ የማይሆነውም ለዚሁ ነው።

ግንቦት መጨረሻ። ወለል

የበሰበሰው ወለል ላሜራ ተጣለ። ሦስት አማራጭ ነበረ። ሽቦ ወለል ኩሱን ያሳልፋል፣ ግን ውስጥ እግራቸውን ያቆስላል። እንጨት ውሃ ይጠጣል። አፈር አይጥ ይቆፍረዋል። ስለዚህ ሲሚንቶ።

ባለ 10 ብሎኬት በቤቱ ልክ ዙሪያውን አንድ ረድፍ ተደረደረ፤ መሃሉ በድንጋይ ተሞልቶ ተደለደለ። ላዩ ላይ 5 ሳንቲሜትር ሊሾ፤ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር። ለ2 ካሬ ሜትር አንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ይበቃል፣ ትንሽም ይተርፋል። ሲሚንቶውና ብሎኬቱ ከአጥር ሥራ የተረፈ ነበር፤ ለአሸዋና ጠጠር 700 ብር። ሊቬላ ጥዬ ወደ በሩ ሁለት ጣት ያህል እንዲያዘነብል አደረግኩት፣ ሲታጠብ ውሃው ራሱ እንዲወጣ። በርጥብ ማዳበሪያ ሸፍኜ ለሳምንት ያህል ውሃ አጠጣሁት።

የበሰበሱት የሁለቱ እግሮች ጫፍ ተቆርጦ፣ ሌሎቹም በዚያው ልክ አጥረው ሁሉም እኩል ሆኑና ቤቱ በብሎኬቱ ላይ ቁጭ አለ። ብረቱ ከእንግዲህ መሬት አይነካም።

ሽቦና መቀርቀሪያ

በዚህ ሰፈር ሸለምጥማጥ አለ። የጎረቤታችንን ዶሮዎች አሮጌ የዶሮ ሽቦ አሳልፎ ነው ያወጣቸው፦ ሽቦው ሳይቀደድ፣ በቀዳዳው እጁን ሰዶ፣ ሽቦው ላይ ተጠግታ የተኛችውን ራሷን ይዞ። ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ ያለው ስስ ሽቦ ዶሮን ከውስጥ ለማገድ ነው የተሠራው፣ አውሬን ከውጪ ለማገድ አይደለም።

ስለዚህ ከታች 60 ሳንቲሜትር ድረስ ቀዳዳው 12 ሚሊሜትር የሆነ፣ መጋጠሚያው የተበየደ ሽቦ ገባ፤ የላይኛውም የአየር መውጫ እንዲሁ። አራት ሜትር፣ በሜትር 450፣ በድምሩ 1,800 ብር። ውድ ነው፣ ግን ከዚህ ዝርዝር ውስጥ አንድ ነገር ብቻ አዲስ ግዛ ብባል ይህን ነው የምገዛው። ዋጋውን ለመቀነስ መሃሉ ላይ አሮጌው ሽቦ በእጥፍ ተደርቦ ቀረ። ሽቦውን በማሰሪያ ሽቦ ብቻ ሞክሬው ነበር፤ በእግሬ ስገፋው ላላ። የላሜራ ቅዳጅ ከላይ ደርቤ፣ በየአሥር ሳንቲሜትሩ በብሎን ስይዘው ነው የጸናው።

የታጠረው ሜዳ ዙሪያ አሮጌው ሽቦ 30 ሳንቲሜትር ወደ ውጪ መሬት ላይ ተነጥፎ በአፈርና በድንጋይ ተሸፈነ። የሚቆፍር አውሬ ከአጥሩ ሥር ነው የሚጀምረው፤ እዚያ ሽቦ ሲያገኝ ወደ ኋላ ርቆ መጀመር አይመጣለትም። ላዩ በመረብ ተሸፈነ፣ ጭልፊት ስላለ።

ማጠፊያና መቀርቀሪያ ከመርካቶ ምን አለሽ ተራ፣ 480 ብር። እዚያ ከአሮጌ በር የወጣ ወፍራም ማጠፊያ ከአዲሱ ስስ ማጠፊያ ይሻላል፤ ፒኑን በእጅ ነቅንቆ ማየት ነው። በሩ ሁለት መቀርቀሪያ አለው፣ ከላይና ከታች። አንድ ብቻ ከሆነ የበሩ ሌላኛው ጥግ ሲገፋ ይከፈታል።

ሰኔ መጀመሪያ። ቀለም

ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀትና በሽቦ ብሩሽ ተፋቀ፣ አንቲረስት አንድ ጊዜ፣ የዘይት ቀለም ሁለት ጊዜ። ከአኳራጁ (ከቀለም ማቅጠኛው) ጋር 1,650 ብር። ውስጡን ኮምፔንሳቶውንና ብሎኬቱን በኖራ ቀባሁት፣ 150 ብር፤ ስንጥቅ ይደፍናል፣ ነጭ ስለሆነም ተባይ ቢኖር ቶሎ ይታያል። የቀለሙ ሽታ እስኪጠፋ በሩ ተከፍቶ ቆየ።

ሰኔ። ቆጥ፣ መጣያ፣ መመገቢያ

ቆጡ አንድ ባለ 4 በ5 ሞራሌ ነው፣ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ90። ለአንድ ዶሮ 20 ሳንቲሜትር ቢታሰብ ለስምንቱ 1 ሜትር ከ60 ስለሚበቃ ይተርፋል። ጠርዙ በመላጊያ ክብ ተደረገ። ከፍታው ላይ ከእናቴ ጋር ተወያየን። እሷ ያደገችበት ቤት ቆጡ ከሰው ራስ በላይ ነበር። እዚያ ግን የአበሻ ዶሮ ነው፣ ቀላል ነው፣ ይበራል። የፈረንጅ ዶሮ ከባድ ነው፤ ከከፍታ ወደ ሲሚንቶ ሲዘል ውስጥ እግሩ ያብጣል። "እንግዲያው ዝቅ አድርገው፣ መውረዱ እንዳያስቸግራቸው" አለች። በ60 ሳንቲሜትር ተስማማን።

ቆጡ አልተመታም። ሁለቱም ጫፎቹ በጎድጓዳ የብረት መቀመጫ ላይ ያርፋሉ፣ ሲፈለግ ይነሳል። በየመቀመጫው ውስጥ የምግብ ዘይት የነካ ጨርቅ አለ፤ ተባይዋ ወደ ቆጡ ለመውጣት በዚያ ማለፍ አለባት።

የእንቁላል መጣያው ሁለት ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ነው፣ በጎኑ ተጋድሞ ፊቱ የተቆረጠ። አንዱ 120 ብር። የምግብ ዘይት የነበረበትን መርጬ ነው የገዛሁት፤ የኬሚካል ጀሪካን ቢታጠብም ለዚህ አይሆንም። ከእንጨት ሳጥን የሚሻለው ስንጥቅ ስለሌለውና ወጥቶ ስለሚታጠብ ነው። ከታች ጠርዝ ተትቶለታል፣ ጉዝጓዙ እንዳይፈስ። ከቆጡ ዝቅ ብሎ፣ ጨለም ያለው ጥግ ላይ ተቀመጠ። ከቆጡ ከፍ ካለ ዶሮ እዚያው ያድርበታል፣ እንቁላሉም በኩስ ይለወሳል።

መመገቢያው ላይ መጀመሪያ የሞከርኩት ባለ 110 ሚሊሜትር የፒቪሲ ቱቦ ነበር፤ ከውጪ በላይ ይጨመራል፣ ከታች በክርኑ (በቱቦው መታጠፊያ) በኩል ይበላል። በደረቅ ቀን ጥሩ ነው። ዝናብ ሲመጣ ክርኑ ውስጥ ያለው መኖ እርጥበት ስቦ ድንጋይ ሆነ፣ ሥሩም ሻገተ። የሻገተ መኖ መርዝ ነው። ቱቦው ወጣና በክብ ትሪ ላይ የተገጠመ ባልዲ በሰንሰለት ተንጠለጠለ፣ ትሪው በዶሮዋ ጀርባ ከፍታ ልክ። ከዚያ ዝቅ ካለ በእግራቸው ይበትኑታል።

መጠጫው ባለ 5 ሊትር ተገልባጭ ነው፤ ከባልዲው ጋር 630 ብር። ቤቱ ውስጥ አይቀመጥም። ከመጠጫ ሥር የሚረጨው ውሃ ጉዝጓዝ ከሚያበላሹት ነገሮች አንደኛ ነው፤ ስለዚህ ሜዳው ላይ፣ ብሎኬት ላይ፣ በቆርቆሮ ቁራጭ ጥላ ሥር።

ለጉዝጓዝ የአናጢ ቤት ፍቅፋቂ፣ 200 ብር። የጣት ቁመት ያህል ተነጠፈ። ሰጋቱራው በጣም ከደቀቀ አቧራ ይሆናል። ኤምዲኤፍ ከሚቆርጥ ቤት የወጣም አልወሰድኩም፤ ሙጫ አለው።

ሰኔ መጨረሻ። ቄቦቹ ገቡ

ስምንት የሦስት ወር ቦቫንስ ብራውን (የእንቁላል ዶሮ ዝርያ ነው)፣ አንዷ 650፣ በድምሩ 5,200 ብር። ሳሶ የሚባለው ዝርያ ይከብዳል፣ ብዙም ይበላል፤ ለሥጋም ለእንቁላልም ለሚፈልግ ይሻላል። ኮኮክ የሚባለው በደካማ መኖም ይችላል። እኔ እንቁላል ስለፈለግኩና መኖውን በየወሩ መግዛት ስለምችል ቦቫንስ። አውራ ዶሮ የለም፤ ለእንቁላል አያስፈልግም፣ ለጎረቤትም ዕረፍት ነው። ሁሉንም ከአንድ ቦታ ወሰድኩ። ከሁለት ሦስት ቦታ የተሰበሰበ ዶሮ አንዱ የሌላውን በሽታ ይቀበላል።

የክትባት ካርዳቸውን ጠይቄ ነው የተቀበልኩት፦ ማሬክስ በተፈለፈሉ ዕለት፣ ከዚያ ኤችቢ1 (የፈንግል)፣ ጉምቦሮ፣ ላሶታ (እሱም የፈንግል)። ላሶታውን መድገም የእኔ ሥራ ነው። ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም የሚያመርተው ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚሆን ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ስለዚህ ከሦስት ጎረቤት ጋር አንድ ብልቃጥ ተካፈልን፣ ሁሉም በአንድ ጠዋት። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ክትባቱን ይገድለዋል። ውሃው በባልዲ ተከፍቶ አደረ፣ ጠዋት በሊትር 2 ግራም ቅባት የሌለው የዱቄት ወተት ገባበት። ዶሮዎቹ ቀድመው ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ውሃ ተከለከሉ፣ ሲቀርብላቸው ቶሎ እንዲጨርሱት።

በመጀመሪያው ማታ ቆጥ አላወቁም። ጥግ ላይ ተከማችተው ተኙ። ሲጨልም አንድ በአንድ እያነሳሁ አስቀመጥኳቸው፤ ሁለት ሦስቱ ከለመዱ ሌሎቹ ይከተላሉ።

ሐምሌ። ዝናቡ

ፈተናው ይህ ነበር። ከባድ ዝናብ ከበረዶ ጋር የወረደበት ምሽት እናቴ አዝናላቸው ፊቱን ከነአየር መውጫው በማዳበሪያ ጋረደችው። ጠዋት በሩን ስከፍት ሽታው ዓይኔን ነካው። ኮምፔንሳቶው ላይ ላብ የመሰለ ጠብታ ተሰልፏል፣ በተለይ ማዳበሪያው ባለበት ጥግ። ከቆጡ ሥር ያለውን ጉዝጓዝ ጨብጬ ስለቀው እንደ ሊጥ ተጠቅልሎ ቀረ። ደረቅ ጉዝጓዝ ሲለቁት ይበተናል።

እናቴን ጠርቼ ጠብታውን አሳየኋት። በጣቷ ነካችው። "ይሄ ሁሉ ከእነሱ ነው የወጣው?" አለችና ማዳበሪያውን ራሷ አነሳችው። በማግስቱ ሌሊቱ ከዚያኛው ቀዝቃዛ ነበር፣ ዝናቡም አልቀነሰም። ጠዋት ጣሪያው ደረቅ ነበር። ላባው የሞላ ዶሮ የአዲስ አበባን ክረምት ሌሊት በላባው ይችለዋል፤ የሚያስፈልገው ጀርባው እንዳይረጥብና ነፋስ በቀጥታ እንዳይመታው ነው። ሙቀት የሚፈልጉት ጫጩቶች ናቸው።

ዝናቡ ግን በነፋስ ተገፍቶ በላይኛው ክፍተት መግባቱ እውነት ነበር፤ መጣያዎቹን አረጠበ። መፍትሔው መድፈን ሳይሆን ጣሪያውን ከፊት ማስረዘም ሆነ። ከተራረፈው ቆርቆሮ 35 ሳንቲሜትር የሚወጣ ግንባር በሁለት ቁራጭ ቱቦላሬ ተደግፎ ታሰረ። ከዚያ ወዲህ ውሃ አልገባም፣ አየሩም አልተቆረጠም።

በየጠዋቱ የማደርገው አንድ ነገር አለ፦ በሩን ከፍቼ በጉልበቴ ተንበርክኬ በዶሮዋ ቁመት ልክ እተነፍሳለሁ። ቆሞ የማይሸት አሞኒያ ታች ሊኖር ይችላል። ዶሮዋ የምትተነፍሰው እዚያ ነው። ሽታ ካለ በመንሽ ጉዝጓዙን እገለብጣለሁ፣ ከቆጡ ሥር ያለውን አወጣለሁ፣ ደረቅ ፍቅፋቂ እጨምራለሁ።

የሜዳው አፈር ጭቃ ስለሆነ የሚታጠቡበት አቧራ አጡ። እናቴ የመፍትሔው ባለቤት ናት፦ አሮጌ ጎማ፣ ውስጡ የተነፋ ደረቅ አፈርና የምድጃ አመድ፣ በግንባሩ ሥር። ጎማው በገባ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው ተኙበት። አመዱ ቅማሉን ያደርቀዋል።

ነሐሴ

በወሩ አጋማሽ ገደማ ሦስቱ መጣል ጀምረዋል። ጉንጫቸውና ኩክኒያቸው ቀድሞ ቀላ፤ እጅ ጀርባቸው ላይ ሲያርፍ ዝቅ ማለት ከጀመሩ መጣያው ይዘጋጅላቸው። በየጀሪካኑ አንድ የፕላስቲክ እንቁላል አስቀምጫለሁ፣ ቦታውን እንዲያውቁ። አንዷ ብቻ ወለል ላይ ትጥላለች፤ ያ ጥግ በብሎኬት ተዘጋባት። ፍልሰታ ስለሆነ ለጊዜው ልጆች ናቸው የሚበሉት። የቀረውን ሳላጥብ ነው ያስቀመጥኩት፤ ያልታጠበ እንቁላል ይቆያል።

መኖውን ከቄብ ወደ እንቁላል ጣይ መኖ በየቀኑ እየደባለቅሁ እየለወጥኩ ነው። የእንቁላል ጣይ መኖ ካልሲየሙ ብዙ ነው፣ ሳይደርሱ ከተሰጠ ኩላሊታቸውን ይጎዳል፤ ከደረሱ በኋላ ከዘገየ ደግሞ ቅርፊቱ ይሳሳል። 50 ኪሎው 2,900 ብር። አንዷ በቀን 115 ግራም ገደማ ስትበላ ስምንቱ ከአንድ ኪሎ ትንሽ ያነሰ ይበላሉ፤ ከረጢቱ ከአንድ ወር ተኩል በላይ ይሄዳል። ክዳን ባለው የብረት በርሜል ነው የሚቀመጠው፣ ለአይጥ።

የቤቱ ወጪ ተደምሮ 20,300 ብር ሆኗል፣ ዶሮውና መኖው ሳይቆጠር። አዲሱ 28,000 ነው፤ ግን ያ ባለ ሦስት ደርብ፣ ጣሪያው ጠፍጣፋ፣ ሽቦው ስስ የሆነው ነው፣ እሱንም መልሶ መክፈት ሊያስፈልግ ነበር። ሲሚንቶና ብሎኬት የሌለው ሰው ከዚህ በላይ ይጨምር።

የቀሩ ሥራዎች፦ ከኋላ ያለው የጣሪያ ውሃ መሬቱን እየቦረቦረ የብሎኬቱን ሥር ማርጠብ ጀምሯል፤ አሸንዳ ገብቶ ውሃው ወደ በርሜል ይሄዳል። ቆጡን አንስቼ በነጭ ወረቀት ስፈትሸው እስካሁን ንጹህ ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ ሙቀቱ ሲጨምር ተባይዋ ቶሎ ስለምትራባ በመስከረም በየሳምንቱ ይታያል። መብራት ገና አላስገባሁም። ሁሉም መጣል ሲጀምሩ ከንጋት በፊት ለሁለት ሰዓት የሚበራ ባለ ሰዓት አምፖል ይገጠማል፣ ብርሃኑ በቀን 14 ሰዓት እንዲሞላ። ገመዱ በቱቦላሬው ውስጥ እንዲያልፍ ከበያጁ ጋር ቀጠሮ አለኝ።